ሃያ ሁለት ዓመት እንግዳ የተባሉት ቲቸር ሎሬታ

መካነ ሰላም ላይ ሒሳብ ያስተማሩን ቲቸር ሎሬታ ሐሙስ ረፋድ ላይ አርፈዋል። ሰማኒያ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ክፍል መግባት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ያርሙልኝ ነበር። ያን ዕለትም በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀቱ ጭናቸው ላይ እንዳለ ነው ያገኘኋቸው። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ቀስ ብዬ ነበር የተራመድኩት።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። የሚያውቋቸው ስል ካረፉ ወዲህ ማወቅ የጀመሩትን አይጨምርም። እነዚያ ብዙ ናቸው። ፎቶግራፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳትመው የለበሱ፣ ፌስቡክ ላይ «እናቴ ነበሩ» ብለው የጻፉ፣ አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን ረግጠው የማያውቁ ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈልተዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። እነሱ ይህን ጽሑፍ ባያነቡት ይሻላቸዋል፤ ቢያነቡትም የሚገባቸው አይመስለኝም።

ሐሙስ ያረፉት ሰው የተቀበሩት ቅዳሜ ነው። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ድኻው፣ ወገን የሌለው፣ መንገድ ላይ የወደቀው እንኳ ባረፈበት ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጧት አፈር ይለብሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ልጆች ያስተማሩት ሴት ግን ሁለት ቀን መቀበሪያ አጡ። ያጡት መሬት ጠፍቶ አይደለም። መካነ ሰላም ዙሪያዋን መሬት ነው። የጠፋው «የእኛ ሰው ናቸው» ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው ነው። እንዴት እንደጠፋ ልንገራችሁ።

ቲቸር ሎሬታ አሜሪካዊት ነበሩ፤ ጥቁር አሜሪካዊት። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሒሳብ ተምረው በሃያ ሦስት ዓመታቸው የጠፈር መንኮራኩር ጉዞ የሚቀመርበት ቢሮ ተቀጠሩ። ያኔ ኮምፒውተር ገና አይታመንም ነበርና፣ መንኮራኩሯ የምትሄድበትንና የምትወድቅበትን መንገድ ሴቶች በእርሳስ ነበር የሚያሰሉት። ጥቁሮቹ ሴቶች ለብቻቸው ክፍል ነበራቸው፤ የሚበሉትም ለብቻቸው ነበር። የቲቸር ሎሬታ ድርሻ መንኮራኩሯ ውቅያኖስ ላይ የምታርፍበትን ቦታ ማስላት ነበር፤ መርከብ ቀድማ ሄዳ እዚያ እንድትጠብቅ። «ሰውየው ወደ ላይ መውጣቱ ለጋዜጣ ነው» ይሉን ነበር። «የእኔ ሥራ እንዲመለስ ማድረግ ነበር።»

ያወጡት ቁጥር የሚነበብበት ስብሰባ ላይ ግን አይገቡም። አንድ ቀን ብቻ ገብተዋል፤ እሱም ሻይ ይዘው ነው። ሻዩን እየቀዱ ሳለ አንዱ አለቃ የእሳቸውን ቁጥር የእኔ ነው ብሎ ሲያነብ ሰሙ፤ ቀድተው ጨርሰው ወጡ። የታተመው ወረቀት ላይም ስማቸው የለም። ይህን ሲነግሩኝ ቁጣ ፊታቸው ላይ አላየሁም። «ስሜ የለም፤ ሰውየው ግን ተመልሷል» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። እኔ ግን ያን ሻይ የጠጡትን ሰዎች እስከ ዛሬ በሩቁ እጠላቸዋለሁ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

ጡረታ ሲወጡ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። በፈቃዳቸው ማስተማር ፈልገው «የሒሳብ መምህር ሄዶ የማይቀመጥበት ቦታ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። እዚህ ላኳቸው።

የመጡ ዕለት ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከአሜሪካ የጠፈር ሊቅ ይመጣል ተብሎ የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ በላቸው ነበር። አንቱታዬን ለቲቸር ሎሬታና ለአባቴ አካፍዬ ስለጨረስኩ ለእሱ የተረፈኝ የለም። በግ ታረደ፣ ጋቢ ተገዛ፣ እኛ ተማሪዎቹ ለማጨብጨብ መንገድ ዳር ተደረደርን። መኪናዋ በአቀስታ በኩል ጭቃ ለብሳ መጣች። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ አንዱ ቀይ ፊት ያለው ወጣት ነጭ፣ ሁለተኛዋ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ጥቁር ሴት።

አቶ በላቸው ወጣቱ ላይ ተጠመጠመ። ጋቢውን አለበሰው። እኛም አጨበጨብን። ልጁ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ አቀስታ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት በመንገድ ላይ የተሳፈረ ነው። እጁን እያወናጨፈ «ኖ፣ ኖ» ቢል አቶ በላቸው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ትሕትናቸውን እዩልኝ!» አለ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ «አንቺ፣ ሻንጣቸውን ወደ ውስጥ አስገቢው» አለ። ቲቸር ሎሬታ አማርኛውን ባይሰሙም የእጁ ምልክት ገብቷቸዋል። የገዛ ሻንጣቸውን አንሥተው ገቡ።

በጓሮ በኩል ወደሚሠሩት ሴቶች ሄዱ። ሴቶቹ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥለው በኦሮምኛ ሞከሯቸው፤ መልስ ሲያጡ ዱካ አምጥተው አስቀመጡና አበሏቸው። አዳራሹ ውስጥ ጉድጓድ ቆፋሪው ስለ ጨረቃ እየተጠየቀ ነበር። ነገሩ የታወቀው ሹፌሩ ዙሁር ሰግዶ ሲመለስ ነው። «ያረቢ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው? እንግዳችሁ እኮ ጓሮ ናቸው» አለ።

አቶ በላቸው እየሮጠ መጣ። በእንግሊዝኛ መምህሩ አስተርጓሚነት «ይቅርታ ያድርጉልን፤ ጥቁር መሆንዎን አልነገሩንም» አለ። ቲቸር ሎሬታ እጃቸውን እየታጠቡ መለሱ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «አመሰግናለሁ ብለዋል» አለ። በእርግጥ ያሉትን ከዓመታት በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። «ግድ የለም፤ እኔም እናንተ ነጭ መሆናችሁን አልነገሩኝም» ነበር ያሉት።

መሳሳት የሰው ነው፤ የምንቀው ስሕተቱን አይደለም። የምንቀው ይህችን ታሪክ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየድግሱ እንደ ቀልድ ሲያወሯት መኖራቸውን ነው፤ የተሳሳቱት እሳቸው ይመስል። ደግሞም ከኋላቸው በሹክሹክታ የሚጠሩበት ስም ነበር። አልጽፈውም። ቆዳውን ከመስታወት ፊት ቆሞ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ያን ስም ይጠቀምበት ነበር።

ክፍል የገቡ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ሒሳብ ሠሩ። መካከል ላይ ሰባት ጊዜ ስምንትን ሃምሳ አራት ብለው ጻፉ። ሥልሳ አራት ተማሪዎች ነበርን፤ ሁላችንም በጥንቃቄ ገለበጥነው። እኔ እንዲያውም መልሱን በማስመሪያ አሰመርኩበት። በማግስቱ ያንኑ ስሕተት ደገሙት፤ ደግመን ገለበጥነው። በሦስተኛው ቀን ጽፈው ሲጨርሱ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው ተቀመጡና ዝም አሉ። አንዳንዱ አጎንብሶ ጣቱን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ መስኮት ያያል። መምህርን ማረም ነውር ነው ተብለን ያደግን ልጆች ነን፤ ዝምታ ወርቅ ነው ብለውናል፤ ስንጠቀምበት የኖርነው ግን ለፍርሃታችን ልብስ ነው።

በመጨረሻ ዘሀራ ተነሣች። ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ እየተጓዘች የምትማር የገበሬ ልጅ ነበረች። «ቲቸር፣ ወላሂ ሃምሳ ስድስት ነው» አለች።

ክፍሉ ዐይኑን አፈጠጠባት። ቲቸር ሎሬታ ተነሥተው ወደ እሷ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት፤ ጠመኔውንም ሰጧት። ከዚያ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ያወቋትን ጥቂት አማርኛ ጣል እያደረጉ፣ በቢሯቸው እንዴት ይሠሩ እንደነበር ነገሩን። አንድን ሒሳብ ሁለት ሴቶች ይወስዱታል፤ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሳይተያዩ ይሠራሉ፤ ከዚያ መልሱን ያስተያያሉ። ካልተስማማ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። አንዷ የሌላዋን ስሕተት አይታ ለወዳጅነት ብላ ዝም ካለች ግን መርከቧ ሌላ ቦታ ትጠብቃለች፤ ሰውየው ይሰምጣል። ከትምህርት በኋላ ተከትያቸው ወጥቼ ሁላችንም ስሕተቱን እንዳወቅን፣ ያልተናገርነው ስለምናከብራቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። ያስደሰትኳቸው መስሎኝ ነበር። ቆም ብለው አዩኝና «የፈራሁት እሱን ነው» አሉኝ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ የጨረቃን ጉዞ በጣት እየቆጠሩ የየዓመቱ ነነዌና ዐቢይ ጾም የሚገቡበትን ቀን የሚያወጡበት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ነው። ቲቸር ሎሬታ ይህን ከእኔ ሲሰሙ «ዛሬውኑ ውሰጂኝ» አሉ። ሄድን። አባቴ ከተማሪዎቻቸው ጋር ጥላ ሥር ነበሩ፤ ቀና ሳይሉ «ለሴት አበቅቴ አይነገርም» አሉ። ተረጎምኩላቸው። ቲቸር ሎሬታ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን አወጡ። በማግስቱም መጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከክፍል ሲወጡ እየመጡ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከውስጥ የሚሰማውን ቁጥር ብቻ ይጽፋሉ፤ ቃላቱን እኔ እየነገርኳቸው።

አንድ ቀን አባቴ ጠሩኝ። «በይ እቺን ሴትዮ ጠይቂያት፤ የዛሬ አሥር ዓመት ነነዌ መቼ ይገባል?» አሉ። ቲቸር ሎሬታ ገቡ። አባቴን እጅ ነሥተው ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ድፍረት መስሏቸው አጉረመረሙ። አባቴ በጣታቸው፣ እሳቸው በእርሳስ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ሠሩ። ሁለቱን መልሶች ያስተያየሁት እኔ ነኝ፤ ቀኑ አንድ ነበር።

አባቴ ጢማቸውን ያዙ። «አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ መሙላታቸውን አይታለች?» አሉኝ። ያ የሒሳቡ ማረጋገጫ ነው፤ ሁለቱ የዓመቱ ቁጥሮች ሠላሳ ካልሞሉ አንድ ቦታ ተስተዋል ማለት ነው። ጠየቅኋቸው። «መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው» አሉ። «የራሱን ስሕተት የሚይዝ ሒሳብ ነው። እኛ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ሆነን የሠራነውን እሳቸው በጣታቸው ይሠሩታል።» አባቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «እኚህስ ሊማሩ አልመጡም፤ ሊያመሳክሩ ነው የመጡ» አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ቲቸር ሎሬታ ሲገቡ ከመቀመጫቸው ይነሡላቸው ነበር። በማግስቱ ሌሎቹ ደብተራዎች «መሪጌታ ምሥጢሩን ለፈረንጅ አሳልፎ ሰጠ» ብለው አወሩ። አያችሁ፣ ለሐሜቱ ሲፈለጉ ፈረንጅ ይሆናሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች ልጆችን ለብቻ ያስጠኑ ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ባንክ ውስጥ ስትገቡ የምታገኟቸውን ሴቶች ጠይቁ። ዘሀራ አዋላጅ ነርስ ሆና ከላላ ትሠራለች። እኔም ወንበራቸውን ወርሼ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያስተማሯቸው ወንዶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ሹም ሆነው ከበረንዳቸው ፊት ለፊት መስታወቱን በዘጋ መኪና ያልፋሉ።

ለቅሶ ቀርተውበት አያውቁም። እስላም ሞተ፣ ክርስቲያን ሞተ፣ ቀድመው ይደርሳሉ። በቢጫ ጀሪካን ውኃ ይቀዳሉ፣ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይይዛሉ፣ ከሐዘንተኛው ጋር መሬት ይቀመጣሉ። የዘሀራ እናት የሞቱት ክረምት ላይ ነው፤ መንገዱ ለመኪና ዝግ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት በበቅሎ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፏቸው ደረሱ። ዘሀራን አቅፈው ምንም አልተናገሩም። «አላህ ያጽናሽ» ማለትን የተማሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለቅሶ የደረሱ ሰው እድር ልግባ ብለው ጠየቁ። የእድሩም ሰብሳቢ አቶ በላቸው ነው፤ በዚህ ከተማ ሰብሳቢ ሲጠፋ እሱ አለ። «ቲቸር፣ እርስዎማ እንግዳችን ነዎት። እንግዳ እድር አይገባም» አለ። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ክብር መስሎት። በአምስተኛ ዓመታቸው ደግመው ጠየቁ፤ ያው መልስ። በአሥራ አምስተኛው ዓመት ደግሞ ራሳቸው በአማርኛ «እንግድነቴ መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉ። «እርስዎ ሁልጊዜም የክብር እንግዳችን ነዎት!» አለና ተጨበጨበ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ እንዲህ አሉኝ። «እዚያ አገሬ በጓሮ በር አስገቡኝ። እዚህ ፊት ለፊት በር ላይ አቁመው ያጨበጭቡልኛል። እስካሁን ወደ ውስጥ ግቢ ያለኝ የለም።»

የት መቀበር እንደሚፈልጉም ነግረውኛል። «እዚሁ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉበት መንገድ አጠገብ» ነው ያሉት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ በላቸው ተነሥቶ «ያረፉት ሰው ፈረንጅ ናቸው፤ ኤምባሲያቸው ይውሰዳቸው» አለ። የመጡ ቀን ጋቢ ለመልበስ ፈረንጅነታቸው አልበቃም ነበር፤ ሞተው አፈር ሲፈልጉ ሙሉ ፈረንጅ ሆኑ። አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለተጠመቀ ነው አለ። ሌላው የእስላሞቹም መቃብር ለእስላም ነው አለ። ሦስተኛው ከበላይ አካል ደብዳቤ ይጠየቅ አለ። ስለ ደንብ እንዲህ የተጨነቀ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። አርባ የሚሆን ሰው ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጠው ወይ እሳቸው ያስተማሩት ነው፣ ወይ በእናቱ ለቅሶ ውኃ የቀዱለት ነው። ሁሉም አንገቱን ደፋ። አንገት ደፊ አገር አጥፊ የሚባለው ተረት ለማን እንደተተረተ ያን ቀን ገባኝ። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ተብሎ ተጻፈ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲደወል ዋለ። ከአዲስ አበባ የኤምባሲው ሰዎች «እሳቸው ራሳቸው የት ነው የፈለጉት?» ብለው መልሰው ጠየቁ። ስልኩን የያዘው አቶ በላቸው «እናጣራለን» ብሎ ዘጋ። አባቴ ዘጠና ዓመታቸውን ይዘው ከበራቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ ማንም ሲያልፍ ሰላምታ አልመለሱም።

ቅዳሜ ጧት ዘሀራ ከአራት ወንድሞቿ ጋር ቃሬዛ ይዛ ቲቸር ሎሬታ ቤት መጣች። አቶ በላቸው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ጋሽ በላቸው፣ ላነሣቸው ነው የመጣሁ» አለችው።

«በማን ፈቃድ? ደብዳቤ ይዘሻል?»

«የለኝም።»

«እኮ የት ልትቀብሪያቸው?»

«ካባቴ ማሳ ጫፍ፣ ከመንገዱ በላይ። እናቴን ሊቀብሩ በጭቃ የመጡ ሰው ናቸው። ወላሂ፣ ዛሬ የሚመልሰኝ የለም።»

«እስላም አይደሉ፣ ዘመድሽ አይደሉ። ምንሽ ናቸው?»

«ቲቸሬ ናቸው» አለችና አልፋው ገባች።

ስናወጣቸው ሃያ አንሞላም ነበር። ከተማውን ስንጨርስ መቶ ሆንን። ከዚያ ከየመንደሩ፣ ከየማሳው ሰው እየወጣ፣ ቀሳውስቱም ሼሆቹም እየተቀላቀሉ፣ መንገዱ ጠበበ። ሰዉ አንድ ሰው ቀድሞት እስኪሄድ ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው። ይህን እንደ ምስጋና አትውሰዱብኝ፤ በጎችም እንዲያ ያደርጋሉ።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ አቶ በላቸው በመኪና ቀድሞን ደርሶ ነበር። ከካሜራ ጋር። የሕይወት ታሪክ ብሎ ሁለት ገጽ አነበበ። ቲቸር ሎሬታ «ጨረቃን የረገጡ የመጀመሪያዋ ሴት» እና «የመካነ ሰላም የቁርጥ ቀን ልጅ» መሆናቸውን ያወቅነው ከእሱ ነው። እሳቸው እኮ አውሮፕላን እንኳ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። አባቴ በበቅሎ ተጭነው መጥተው ከፊት ቆመዋል፤ ጆሯቸው ከብዷልና ድምፃቸው ጮክ ይላል። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የሚያነበው የማንን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። አቶ በላቸው ሁለተኛውን ገጽ ዘለለው። የዘሀራ አጎት ዱዓ አደረጉ፣ አባቴ ለብቻቸው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ አፈሩን ሁላችንም መለስን።

ቲቸር፣ አሁን ሌላውን ሁሉ ሰድቤ ጨርሻለሁ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። መዝገቡ ስምንት ዓመት የኖረው እኔ ቤት ነው፤ ከእርስዎ ደጅ ሦስት ቤት አልፎ። ስምዎን ለማስገባት አንድ መስመር ይበቃ ነበር። የት መቀበር እንደሚፈልጉ ከእኔ ሌላ የነገሩት ሰው እንደሌለም አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት «ኤምባሲያቸው ይውሰዳቸው» ሲባል ይህን ተነሥቼ መናገር የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። አልተነሣሁም። አጎንብሼ ውሳኔውን ጻፍኩት፤ «በአንድ ድምፅ» የሚለውን የጻፈችው እጅ የእኔ ናት። ከዚያ እርስዎ ቤት ሄጄ ከአስከሬንዎ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው አይቶ አዘነልኝ፤ «አብሽሪ» አሉኝ። ስለ አቶ በላቸው የጻፍኩትን ሁሉ ይቅር ይበለኝ አልልም፤ እሱ ግን ቢያንስ ያላወቀውን ነው የካደው።

ከቀብሩ በኋላ አንዳንዶች «አሁን እንኳ ስማቸውን መዝገቡ ላይ እናስፍረው» አሉኝ። አልጻፍኩትም። ለእርስዎ ምንም አይጨምርልዎትም፤ እኛን ሰላም ብሎን እንድንተኛ ብቻ ነው። ይልቅስ የራሴን ስም ሰርዤ መዝገቡን አስረከብኩ። አቶ በላቸው አፉን ከፍቶ አየኝና «አበድሽ እንዴ? ስትሞች ማን ይቀብርሻል?» አለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእሱ የሰማሁት ብቸኛው ቁም ነገር ነው።

ደኅና ይረፉ ቲቸር። መቃብርዎ አጠገብ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ እንዳለ አይቻለሁ። ዘሀራን ለመጠየቅ ገና አልደፈርኩም።